ከቦምቡ በፊት የተጻፈው ትእዛዝ፦ ስለ የካቲት 12 ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጽሑፍ አንብቤ በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። ጽሑፉ ስድብ የሞላበት ወይም በግዴለሽነት የተጻፈ አይደለም፤ ጸሐፊው ብዙ እንዳነበቡ፣ ለሚጽፉትም ቋንቋ እንደሚጠነቀቁ ያስታውቃል። ይህን ምላሽ ሳዘጋጅ የጸሐፊውን ቅን ልቦና አልጠራጠርም፤ የምቃወመው የደረሱበትን ድምዳሜና ድምዳሜውን ያቆሙበትን መሠረት ነው።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው። በእንደራሴው በማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ላይ የተጣሉት የእጅ ቦምቦች በአዲስ አበባ የሚኖሩትን ጣሊያኖች አስደነገጡ፤ ድንጋጤው ወደ ቁጣ ተለወጠ፤ ቁጣውም ለሦስት ቀናት ከቁጥጥር ወጣ። ስለዚህ ፍጅቱ የቅኝ መንግሥቱ ፖሊሲ ሳይሆን የጥቁር ሸሚዝ ለባሾች፣ ማለትም የፋሺስት ሚሊሺያዎች፣ የበቀል ስሜት ውጤት ነው፤ ሮምም አስቀድማ አታውቅም ነበር። ከዚህ ተነሥተው ጸሐፊው የሟቾቹ ቁጥር እንደተጋነነ፣ በደብረ ሊባኖስ የተፈጸመው የወታደራዊ ጸጥታ እርምጃ እንደነበረ፣ የከፋው ሁሉ ግራዚያኒ ሲነሣ እንዳበቃ፣ ቦምቡን የጣሉት ወጣቶችም ለወገናቸው ከጥቅሙ ይልቅ መከራውን እንዳበዙበት ይጽፋሉ። ሌሎች ቅኝ ገዥዎችም እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር ያስታውሱና በመጨረሻ የታሪኩ ሒሳብ ተዘግቷል ይላሉ።

በማንለያይበት ልጀምር። ዕለቱ ዓርብ ነበር። የኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ በመውለዱ ምክንያት ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ማለትም ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝበት በስድስት ኪሎው ግቢ፣ ለነዳያን ጠገራ ብር የሚታደልበት ሥነ ሥርዓት አዘጋጅቶ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ፣ ሁለቱም ትውልዳቸው ከኤርትራ የሆነ ወጣቶች፣ በባለሥልጣናቱ መካከል የእጅ ቦምቦች ወረወሩ። ግራዚያኒ በብዙ ፍንጣሪ ቆሰለ፤ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ሊዮታ እግሩን አጣ፤ አቡነ ቄርሎስም ቆሰሉ። ሁለቱ ወጣቶች በስምዖን አደፍርስ መኪና ከከተማው ወጡ፤ ስምዖን በኋላ ተይዞ በሥቃይ ሞተ። እስከዚህ ድረስ የጸሐፊውና የእኔ ታሪክ አንድ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ጸሐፊው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፉት ነገር አለ፤ ከፍንዳታው ቀጥሎ ወታደሮቹና ካራቢኜሪ የሚባሉት የጣሊያን ወታደራዊ ፖሊሶች በግቢው ውስጥ በነበረው ሕዝብ ላይ ተኩስ ከፈቱ። የሞቱት ምጽዋት ሊቀበሉ የተጠሩ አዛውንት፣ ዓይነ ስውራን፣ አካል ጉዳተኞችና ልጅ ያዘሉ እናቶች ነበሩ። ተጠርተው የመጡ እንግዶች ነበሩና ይህ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚታለፍ አይደለም።

«ፍጅቱ የድንገተኛ ቁጣ ውጤት ነው» የሚለው ነጥብ የጽሑፉ ምሰሶ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልስበታለሁ። የአንድ መንግሥት ድርጊት ድንገተኛ ነው ወይስ የታሰበበት የሚለውን ለመለየት ቀላሉ መንገድ ቀኖቹን በተራ መደርደር ነው። ጸሐፊው ታሪካቸውን የሚጀምሩት ከየካቲት 12 ነው። እኔ ግን አዲስ አበባ ከተያዘችበት ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. እንዲጀምሩ እጠይቃለሁ። ከተማዋ ከተያዘች ልክ በአንድ ወሯ፣ ግንቦት 28 ቀን፣ ሙሶሊኒ የሚማረኩ «ዐመፀኞች» ሁሉ እንዲረሸኑ በቴሌግራም አዘዘ። ሰኔ 1 ቀን ዐመፀኞችን ለመጨረስ የመርዝ ጋዝ እንዲጠቀሙ ፈቀደ። ሐምሌ 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ በዐመፀኞችና ተባባሪ በሚባለው ሕዝብ ላይ የሽብርና የማጥፋት ፖሊሲ ጀምሮ በዘዴ እንዲያካሂድ ለግራዚያኒ በድጋሚ ፈቃድ መስጠቱን፣ ዐሥር እጥፍ የሚመልስ የበቀል ሕግ ካልተሠራበትም ቁስሉ በጊዜው እንደማይድን ጻፈለት። «በድጋሚ» የምትለዋን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ፈቃዱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠ አልነበረም ማለት ነው። ይህ ቴሌግራም የተጻፈው ቦምቡ ከመወርወሩ ሰባት ወር አስቀድሞ ሲሆን፣ ያን ጊዜ አብርሃም ሞገስም የጣሉት ነገር አልነበረም።

ትእዛዙ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ከየአቅጣጫው ገብተው በተዋጉ ማግሥት አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ ተረሸኑ። የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን፣ ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ተገደሉ። እነዚህ ሁሉ ከየካቲት 12 በፊት የተፈጸሙ ናቸው። ስለዚህ የጸሐፊው «ቁጣ» ከምክንያቱ ቀድሞ የተወለደ ቁጣ ሊሆን ነው፤ ይህ ደግሞ ሊሆን የማይችል ነገር ነው።

በሦስቱ ቀናት ውስጥ የሆነውም ቢሆን ከቁጥጥር የወጣ ሕዝብ ሥራ አይመስልም። በወቅቱ በከተማው የነበረው ሀንጋሪያዊ ሐኪም ላዲስላስ ሳቫ እንደመሰከረው፣ የፋሺስት ፓርቲው የአዲስ አበባ ኃላፊ ጉይዶ ኮርቴሴ ተከታዮቹን ሰብስቦ ለሦስት ቀናት በኢትዮጵያውያን ላይ የፈለጉትን እንዲያደርጉ፣ እንዲገድሉና እንዲያወድሙ ነጻ ፈቃድ ሰጣቸው። የቀን ገደብ ተሰጥቶታል ማለት ነው። የገደቡም መጨረሻ በጽሑፍ ይገኛል፤ ኮርቴሴ የካቲት 14 ቀን ከእኩለ ቀን ጀምሮ ማንኛውም የበቀል ድርጊት እንዲቆም፣ ፋሺስቶቹም ማታ ወደየቤታቸው እንዲገቡ፣ ተላላፊ ላይ ከባድ እርምጃ እንደሚወሰድ የሚያዝ ማስታወቂያ አወጣ። ከዚያ በኋላ የመንገድ ላይ ግድያው በአብዛኛው ቆመ። በአንድ ወረቀት ሊቆም የሚችል ነገር ከመጀመሪያውም ቢሆን ከቁጥጥር አልወጣም ነበር። ጸሐፊው ይህን ማስታወቂያ መንግሥቱ ጸጥታ ለማስከበር ያደረገው ጥረት አድርገው ጠቅሰውታል፤ እኔ ደግሞ በእነዚያ ቀናት ሥልጣን በማን እጅ እንደነበረና ለምን ዓላማ እንደዋለ የሚያሳይ ከሁሉ የጠነከረ ማስረጃ ነው እላለሁ።

በእነዚያ ቀናት የጎጆ ቤቶች በር ከውጭ እየተዘጋ፣ ቤንዚን እየተርከፈከፈ፣ ሰው በውስጡ እያለ ተቃጠለ። ከዚያ ሊያመልጥ የሞከረው በጥይት ወይም በቦምብ ተመታ። ሰዎች በዱላ፣ በብረት ዘንግ፣ በዶማና በአካፋ ተቀጥቅጠው ሞቱ። ዶማና አካፋ በአዲስ አበባ አዛውንት አንደበት ዛሬም አብረው የሚነሡት በዚህ ምክንያት ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የተሠራው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም በኮርቴሴ ትእዛዝ በእሳት ተያያዘ። በጅምላ ንዴት ውስጥ ያለ ሰው የሚያቃጥለውን መርጦ አያቃጥልም፤ ይህ ቤተ ክርስቲያን ግን ለምን እንደተመረጠ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ስለ ምርጫ ካነሣሁ አይቀር፣ ጸሐፊው ፈጽሞ ያላነሡትን አንድ ነገር ማስታወስ ግድ ይለኛል። ከመንገድ ላይ ግድያው ጋር ጎን ለጎን፣ ከእሱም በኋላ ለሳምንታት፣ የተማሩ ወጣቶች በስም እየተፈለጉ ከየቤታቸውና ከየእስር ቤቱ እየወጡ ተረሸኑ። ከነዚህ ብዙዎቹ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ተማሪዎችና ጥቁር አንበሳ የተባለው የአርበኞች ማኅበር አባላት ሲሆኑ፣ ታኅሣሥ ላይ ከራስ እምሩ ጋር እጃቸውን የሰጡ ነበሩ። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም ከተገደሉት መካከል ናቸው። ራስ ደስታ ዳምጠውም ቦምቡ በተወረወረ በአምስተኛው ቀን፣ የካቲት 17፣ በጉራጌ አገር ተይዘው ተረሸኑ፤ እሳቸው በሩቅ ግንባር ሲዋጉ ነበርና ስድስት ኪሎ በሆነው ነገር እጅ አልነበራቸውም። አንድ ትውልድ ሙሉ ፊደል የቆጠረ፣ ውጭ አገር የተማረ፣ ነገ አገር ያስተዳድራል የተባለ ወጣት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከምድር ጠፋ። ከነጻነት በኋላ አገሪቱ የሰለጠነ ሰው ስታጣ ጉድለቱ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ሁሉ መልሱን እዚህ ያገኛል። ይህን ጉዳት ሳስበው ከሌላው ሁሉ ይልቅ ልቤን ያቆስለዋል፤ ቤት መልሶ ይሠራል፣ እነዚያ ልጆች ግን ቢኖሩ ምን ይሠሩ እንደነበር ከእንግዲህ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

«ሮም አታውቅም ነበር» ለሚለው ረጅም መልስ አያሻውም። ከላይ የጠቀስኳቸው የ1928ቱ ትእዛዞች የወጡት ከሮም ነው። ከጥቃቱ በኋላ ባሉት ቀናትም ሙሶሊኒ ከተያዙትና ወደፊት ከሚያዙት አንድም ሰው ያለ እሱ ትእዛዝ እንዳይለቀቅ፣ በማናቸውም መንገድ የሚጠረጠሩ ሲቪሎችና የሃይማኖት ሰዎች ሁሉ ሳይዘገይ እንዲረሸኑ በቴሌግራም አዞ ማረጋገጫ ጠይቋል። ግራዚያኒም በበኩሉ የሚሠራውን አልደበቀም። መጋቢት 10 ቀን ለሮም በላከው ቴሌግራም በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ያሉ ጠንቋዮች፣ ወሬ ነጋሪዎችና የባህል ሐኪሞች ተይዘው እንዲገደሉ ማዘዙን፣ እስከዚያ ቀንም ሰባ ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ። ምክንያቱ እነዚህ ሰዎች የፋሺስት አገዛዝ ቶሎ እንደሚያልፍ ይናገራሉ የሚል ነበር። በየገበያው የሚተነብይ ምስኪን ሰው ለመግደል ቴሌግራም የሚጽፍ፣ ቁጥሩንም ለበላዩ የሚያሳውቅ አስተዳደር በስሜት የተነዳ አስተዳደር አይደለም።

ወደ ሟቾቹ ቁጥር ስመጣ ጸሐፊው በከፊል ትክክል መሆናቸውን አምናለሁ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው 30,000 የሚለው አኃዝ አንድ በአንድ ተቆጥሮ የተገኘ አይደለም። ስለ ዕልቂቱ ለብዙ ዓመታት ምስክር ያሰባሰበ አንድ የውጭ ተመራማሪ ወደ 19,000 የሚጠጋ ግምት ላይ ደርሷል፤ በወቅቱ በከተማው የነበሩ የውጭ አገር ዲፕሎማቶች ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ፣ ነገር ግን በሺዎች የሚቆጠር ግምት ለመንግሥቶቻቸው ልከዋል። ጸሐፊው የሚያዘነብሉበት የጥቂት መቶዎች ቁጥር ከገዳዩ ወገን የመጣ ነው። አስከሬን በካሚዮን እየተጫነ በየጉድጓዱ የተጣለበትና የተቃጠለበት፣ ቤተሰብ በሙሉ በአንድ ጎጆ ውስጥ ያለቀበት፣ የተረፈው ሰውም ሟቹን ለማስመዝገብ ቀርቶ በይፋ ለማልቀስ የፈራበት ከተማ እንዴት ያለ ትክክለኛ ቆጠራ ሊኖረው ይችላል? ቁጥሩ ሳይታወቅ የቀረው ገዳዮቹ የሟቾቹን ዱካ ስላጠፉ ነው፤ ታዲያ ይህ ጉድለት ለገዳዮቹ መከላከያ እንዴት ይሆናል? ስለ አኃዙ ልንከራከር እንችላለን፤ 30,000 መሆኑ አለመረጋገጡ ግን 300 መሆኑን አያረጋግጥም።

ስለ ደብረ ሊባኖስ የተጻፈው አንቀጽ ከጽሑፉ ሁሉ ይልቅ አሳዝኖኛል። ጸሐፊው ገዳሙ ለአብርሃና ለሞገስ መሸሸጊያ ሆኗል ተብሎ በመጠርጠሩ ቅኝ መንግሥቱ «የጸጥታ እርምጃ» ወሰደ ይላሉ። ወጣቶቹ ከአዲስ አበባ ሲወጡ ወደ ፍቼ አቅጣጫ መሄዳቸው እውነት ነው። ግን እርምጃው የተወሰደው መቼ ነው? ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ከጥቃቱ ሦስት ወር በኋላ ነው። ሁለቱ ወጣቶች ከአካባቢው ከራቁ ቆይተዋል። ቀኑም በዘፈቀደ የመጣ አልነበረም፤ ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ስለሆነ ከሩቅም ከቅርብም ብዙ ምእመናንና ካህናት በገዳሙ የሚሰበሰቡበት በዓል ነው። ጄኔራል ፒዬትሮ ማሌቲ ገዳሙን በወታደር ከበበ፤ ግራዚያኒ ምክትል አስተዳዳሪውን ጨምሮ መነኮሳቱ ሁሉ ያለ ልዩነት እንዲረሸኑ አዘዘው። «ያለ ልዩነት» የምትለዋ ቃል በትእዛዙ ውስጥ ያለች ናት፤ የተጠርጣሪን ጥፋት የሚመረምር ሰው እንዲህ ያለ ቃል አይጽፍም።

መነኮሳቱ በካሚዮን እየተጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባለው ሸለቆ ተወሰዱና እዚያ ተረሸኑ። ግራዚያኒ ለሮም የላከው ሪፖርት 297 መነኮሳትና ተባባሪ የተባሉ 23 ሌሎች ሰዎች መገደላቸውን ይገልጻል። ወጣቶቹ ዲያቆናት ለጊዜው ተርፈው ነበር፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን 129 ዲያቆናት በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ተገደሉ። በገዳዮቹ ሪፖርት ብቻ ድምሩ 449 ነው። ከነጻነት በኋላ ከአካባቢው ሰዎች ምስክርነት የተሰበሰበባቸው ጥናቶች ደግሞ የሟቾቹ ቁጥር ከዚህ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ፣ ከነዚህም መካከል ለበዓሉ የመጡ ተሳላሚዎች እንደነበሩ አሳይተዋል። ጸሐፊው ስለ አዲስ አበባው ቁጥር ሲጽፉ የኢትዮጵያን ምንጭ ተጠራጥረው ነበር፤ ስለ ደብረ ሊባኖስ ሲጽፉ ግን የጣሊያኑን 449 እንደ መጨረሻ ቃል ወስደዋል። መመዘኛው ለሁለቱም ወገን አንድ ሊሆን ይገባው ነበር።

ግራዚያኒ በኋላ ስለዚህ ሥራው ሲጽፍ የሚያኮራው ነገር እንደሆነ፣ ካህናቱን ከጳጳሱ ጀምሮ እስከ መጨረሻው መነኩሴ ያንቀጠቀጠ እርምጃ ለመውሰድ ብርታት እንደነበረው ገልጿል። ዓላማው ማስፈራራት መሆኑን የተናገረው እሱ ራሱ ነው። ጸሐፊው ያቀረቡለትን «የጸጥታ» ምክንያት ባለቤቱ እንኳ አልፈለገውም።

ሌሎች ቅኝ ገዥዎችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር የሚለውን አልክድም። እንግሊዞች በ1911 ዓ.ም. በሕንድ አምሪትሳር በተሰበሰበ ባዶ እጁን በሆነ ሕዝብ ላይ ተኩሰው በራሳቸው ቆጠራ እንኳ 379 ሰው ገድለዋል፤ የገደለው ጄኔራል ዳየር በኋላ መርማሪ ኮሚቴ ቀርቦ ከሥልጣኑ ተነሣ፣ ከዚያ ያለፈ ቅጣት ግን አላገኘውም። እንግሊዝን ለማመስገን ያነሣሁት አይደለም፤ ቅጣቱ ለዚያ ደም የሚመጥን አልነበረም። በአዲስ አበባ ግን እንዲህ ያለ መርማሪ ኮሚቴ እንኳ አልተቋቋመም፤ ኮርቴሴም ስለ ሦስቱ ቀናት የጠየቀው አልነበረም። የሌላው ኃጢአት የዚህኛውን አያቀለውም፤ ጉዳዩ ከሌሎች ጋር ይነጻጸር ከተባለም ንጽጽሩ ለጸሐፊው ድምዳሜ አይጠቅምም።

የከፋው ሁሉ ከግራዚያኒ ጋር አበቃ የሚለው አባባል በብዙ መጽሐፍት ጭምር የተለመደ ስለሆነ ጸሐፊውን ብቻ አልወቅስም። በ1930 ዓ.ም. በግራዚያኒ ቦታ የተተካው የአኦስታው መስፍን አሜዴዎ አነጋገሩ ለስላሳ እንደነበረ፣ አንዳንድ እስረኞችንም እንደፈታ እውነት ነው። ሆኖም በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በዘረት ዋሻ ከእነ ቤተሰቦቻቸውና ከእነ ቁስለኞቻቸው የተጠለሉ የአርበኛው የተሾመ ሽንቁጥ ወገኖች በመርዝ ጋዝ ተጠቅተው ብዙ መቶዎች አልቀዋል፤ ያን ጊዜ እንደራሴው ግራዚያኒ አልነበረም። በሞቃዲሾ አቅራቢያ የሚገኘው የደናኔ እስር ቤትም አልተዘጋም ነበር። ከእስረኞቹ አንዱ ከጦርነቱ በኋላ በመሐላ በሰጠው ቃል፣ ወደ ደናኔ ከተወሰዱት 6,500 ሰዎች ውስጥ 3,175ቱ በረኃብ፣ በተበከለ ውኃና በበሽታ ሞተዋል። በቀይ ባሕሯ በኖክራ ደሴት የታሠሩት ደግሞ ሙቀቱና የውኃ ጥሙ ፈጃቸው። ሌሎች መሳፍንትና መኳንንት ከእነ ቤተሰቦቻቸው ወደ ኢጣሊያ ተግዘዋል፤ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ወደ አዚናራ ደሴት ተወስደው በኋላ በቱሪን በግዞት ሞተዋል። ይህን ሁሉ ያደረገው አንድ ጨካኝ ሰው ብቻ ነው ማለት መንግሥቱን ከፍርድ ማዳን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ልምጣ። ጸሐፊው አብርሃና ሞገስ ለሕዝባቸው መከራ አበዙ ይላሉ። ይህን አስተያየት ሳነብ አልተቆጣሁም፤ በልጅነቴ አንዲት አዛውንት ጎረቤታችን በየካቲት 12 ወንድማቸውን ማጣታቸውን እያነሡ «ምነው ባይወረውሩት ኖሮ» ሲሉ ሰምቻለሁና። እንዲህ ያለ ኀዘን የደረሰበት ሰው ይህን ቢል ማንም ሊወቅሰው አይገባም። የታሪክ ጸሐፊ ግን ኀዘንተኛ የሚለውን ወስዶ ፍርድ አድርጎ ሲያቀርብ ማስረጃ ይጠየቃል። ማስረጃው ደግሞ ተቃራኒውን ይናገራል። ከላይ እንዳሳየሁት የሽብር ፖሊሲው የታዘዘው ቦምቡ ከመወርወሩ ሰባት ወር በፊት ነው፤ ጳጳስ በአደባባይ የተረሸነው፣ ምሕረት የተገባላቸው መኳንንት የተገደሉት፣ የተማረከ ሁሉ ይረሸን የተባለው ከዚያ በፊት ነው። ቦምቡ ባይወረወር ኖሮ አዲስ አበባ በእነዚያ ሦስት ቀናት እንዲያ ላትሆን ትችል ነበር፤ ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን «ዐሥር እጥፍ» የሚለው ሕግ ሰበብ እየጠበቀ ነበር፤ ሰበቡን ያገኘው ስድስት ኪሎ ላይ ሆነ እንጂ ሌላ ቦታ ሌላ ሰበብ ማግኘቱ አይቀርም ነበር። በደሉን የፈጸመው ትእዛዙን ያወጣውና የፈጸመው ወገን ነው፤ በወረራ ሥር ሆኖ እንደራሴውን የመታ ወጣት የአገሬውን ጎጆ አላቃጠለም።

የጭካኔው ውጤትም ለቅኝ ገዥው እንዳሰበው አልሆነም። በዚያው ዓመት ክረምትና በተከታዩ መስከረም በጎጃም፣ በላስታና በሌሎች አገሮች ዐመፁ ተቀጣጠለ። ላስታ ላይ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ተነሥተው መስከረም ላይ ወደቁ፤ በጎጃም በላይ ዘለቀ፣ ነጋሽ በዛብህና መንገሻ ጀምበሬ፣ በሸዋ ራስ አበበ አረጋይ ለዓመታት ጸኑ። ቀድሞ ለመገዛት ያመነቱና የተስማሙ ብዙዎች ገብተውም ሳይገቡም ሞት መኖሩን ሲያዩ ጫካውን መረጡ። ጸሐፊው የቅኝ መንግሥቱ እርምጃ «ጸጥታ አስፍኗል» ያሉት በምን ላይ ተመሥርተው እንደሆነ ከጽሑፋቸው አላገኘሁትም።

የቀረው «ሒሳቡ ተዘግቷል» የሚለው ነው። በ1939ኙ የሰላም ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወስኗል፤ የቆቃ ግድብ የተሠራው በዚህ ካሣ ነው። የአክሱም ሐውልትም በ1997 ዓ.ም. ተመልሷል። እነዚህ የንብረትና የጦርነት ጉዳት ሒሳቦች ናቸው። ስለ ሰው ነፍስ ግን ችሎት አልተሰየመም። ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ግራዚያኒን፣ ባዶሊዮንና ኮርቴሴን ጨምሮ የዐሥር ሰዎችን ስም አቅርባ ነበር፤ በኢትዮጵያ ላይ በፈጸሙት ከዐሥሩ ፍርድ ቤት የቀረበ የለም። ግራዚያኒ በአገሩ 19 ዓመት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፤ ያንንም ሳይፈጽም በ1942 ዓ.ም. ተፈታ። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በተባለች የኢጣሊያ ከተማ የመታሰቢያ ሕንፃ ተመረቀለት።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን እንደገና ሲያወጡት ቢያንስ ሦስት ነገሮች እንዲያርሙ በትሕትና እጠይቃለሁ፦ የሐምሌ 1 ቀን 1928ቱን ቴሌግራም ከየካቲት 12 በፊት ባለው ቦታው እንዲያስገቡት፤ በደብረ ሊባኖስ አንቀጽ «ያለ ልዩነት» የሚለውን የትእዛዙን ቃል ሳይዘሉ እንዲጠቅሱ፤ በስድስት ኪሎ ግቢ ምጽዋት ሊቀበሉ መጥተው የሞቱትንም «ተሰብስቦ የነበረ ሕዝብ» ብለው ከማለፍ ይልቅ ማን እንደነበሩና ማን እንደጠራቸው እንዲጽፉ።